የእጅ ስልክን በገዛ እጅ ስለ ማሰናዳት
በባሌ ደጋ ለሮቤና ለጎባ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው ቁልፎቿ በጣት ስለሚጫኑት፣ መስኮቷ ስለ ጠበበው፣ በደረት ኪስም በመቀነት ቋጠሮም ስለምትያዘው ታናሽ ስልክ ነው። ዋጋዋ ከሌሎቹ ስለሚያንስ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕልም ስለማታሳይ ብዙ ወጣቶች ይንቋታል። ነገር ግን በሲናና ሜዳ ስንዴውን አጭዶ ለነጋዴ የሚያስረክበው ገበሬ የገበያ ዋጋ የሚጠይቅባት፣ ልጇ ወደ ዐረብ አገር የሄደችባት እናት የልጇን ድምፅ የምትሰማባት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና የሚጠራባት፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም የብዙ ሰው ንዋይ የተቀመጠባት እርሷ ስለሆነች፣ እንደ ዋጋዋ ሳይሆን እንደ ተልእኮዋ ልትከበር ይገባታል።

የምናገረው ነገር ብዙ ቢሆንም ሁሉም ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል፤ ይኸውም ስልክን የሚያሰናዳው እጅ የባለቤቱ የራሱ እጅ ይሁን የሚል ነው። እንደምታውቁት የከተሞቻችን ልማድ ሌላ ነው። ገዢው ከሱቅ ስልክ ሲገዛ «አንተው አስተካክልልኝ» ብሎ መልሶ ለሻጩ ይሰጠዋል፤ ሻጩም ሲም ካርዱን ያስገባል፣ ሰዓቱን ይሞላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ የምስጢር ቁጥሩንም ከራሱ አእምሮ አውጥቶ በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፍለታል። ቤት ሲደርስ ደግሞ የቀረውን የጎረቤት ልጅ ይጨርሰዋል። ሻጩ ቅን፣ ልጁም ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ የግድ ከእነርሱ ክፋት የሚመጣ አይደለም። ጉዳቱ ባለቤቱ በገዛ ንብረቱ ላይ እንግዳ ሆኖ መቅረቱ፣ አንድ ነገር በተበላሸ ወይም አንድ አታላይ በደወለ ጊዜ የትኛው ነገር ትክክል የትኛው ስሕተት እንደ ሆነ የሚለይበት የራሱ ዕውቀት ማጣቱ ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለማስተዋል ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከተዘረጉት መሥመሮች ዋነኛው አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሥመር ነበር። ከዚያ በኋላ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው በአንድ ድርጅት ሥር ሲጠቃለልም፣ ለክፍለ ሀገር ሰው ስልክ ማለት አንድ ቤት ነበር፤ ሰው ወደዚያ ቤት ይሄዳል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ስሙ ሲጠራ ይገባል። የሚናገረው ባለ ጉዳዩ ቢሆንም መሥመሩን የሚያገናኘው፣ ደቂቃውን የሚቆጥረው፣ ሒሳቡን የሚጽፈው፣ ብልሽቱንም ለሚጠግን ሰው የሚያስታውቀው ስልከኛው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምርና ኋላም ወደየአውራጃው ሲዳረስ፣ ስልከኛው ከመካከል ወጣ። የስልከኛው ሥራ ግን አልጠፋም፤ ማገናኘቱም፣ መቁጠሩም፣ መጠበቁም፣ ምስጢር መያዙም ሳይነገረን ወደ እያንዳንዳችን እጅ ተላለፈ። ስልኩን ተቀብለን ኃላፊነቱን ለሱቅ የተውነው ማንም ቁጭ አድርጎ ይህን ስላላስተማረን ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። የመጀመሪያው ሥራ ስልኩን ከመንካት በፊት ያለ ነው፤ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደ ወጣ ማወቅ ነው። በገጠራችን የሚስት ሲም በባል ስም፣ የእናት ሲም በልጅ ስም፣ የሠራተኛ ሲም በአሠሪ ስም ወጥቶ ይገኛል፤ መታወቂያ ያለው ሰው መታወቂያ ለሌለው ወገኑ በቅንነት የሚያደርገው ነው። ነገር ግን ሲሙ የጠፋ ዕለት ምትክ የሚሰጠው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ቁጥር ላይ የተቀመጠ ገንዘብ ካለም የሚታወቀው በዚያው ሰው ስም ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ከባሏ የተለያየች ሴት ለዓመታት ያወቋትን ቁጥር፣ ዕቁብተኞቿና ደንበኞቿ ሁሉ የሚደውሉበትን ቁጥር፣ በአንድ ቀን የምታጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መታወቂያ ያላወጣችሁ እናቶች መታወቂያ አውጡ፤ በሌላ ሰው ስም ያለ ሲምም ካላችሁ ባለ ስሙን ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሄዳችሁ ወደ ስማችሁ አስዙሩት። እኔ ከምናገረው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሰሙ ከሆነ ይህን እንድትሰሙ እለምናለሁ።

ሲሙን ማስገባት ቀላል ነው። ስልኩ ይጠፋል፣ የኋላው ክዳን በጥፍር ይነሣል፣ ባትሪው ይወጣል፤ ሲሙ ወርቅ የመሰለው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ፣ የተቆረጠው ማዕዘኑ በስልኩ ላይ ከተሣለው ማዕዘን ጋር ተገጣጥሞ በለዘብታ ይገባል። በግድ የሚገባ ሲም የለም፤ ከገፋችሁትና እንቢ ካለ ተገልብጧል ማለት ነው። አሁን ብዙዎቹ ስልኮች ሁለት ሲም ይይዛሉ፤ በ09 የሚጀምረውን የኢትዮ ቴሌኮምን ቁጥር፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በ07 የሚጀምረውን የሳፋሪኮምን ቁጥር በአንድ ስልክ የሚይዙ አሉ። እንዲህ ያለው ሰው በየትኛው ሲም እየደወለ መሆኑን ሁልጊዜ ይመልከት፤ አለዚያ ሒሳብ ከሞላበት ሳይሆን ካልሞላበት ሲደውል ይውላል።

ስለ ባትሪው ደግሞ እኛ የደጋ ሰዎች ከቆላው ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ትሆናለች፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የሰነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ይደርሳል፣ ከርሱም በላይ ቱሉ ዲምቱ እስከ 4,377 ሜትር ይነሣል። በዚያ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የዛሬ ባትሪዎች ኃይላቸውን የሚሰጡት በውስጣቸው በሚካሄድ ኬሚካዊ ሂደት ነው፤ ብርድ ደግሞ ይህን ሂደት ስለሚያዘገየው፣ ግማሽ ያሳይ የነበረ ስልክ በሰነቴ ብርድ ድንገት ጨልሞ ቢጠፋ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ በጋቢው ሥር ከደረቱ ጋር አስጠግቶ ቢያሞቀው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ በበቅሎም በፈረስም አምባውን የምታቋርጡ ሰዎች ስልካችሁን በኮርቻ ኮሮጆ ሳይሆን በውስጥ ኪስ ያዙት። በብርድ የደነደነ ስልክ ግን ወዲያው ቻርጅ ላይ አይሰካም፤ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘን የሊቲየም ባትሪ መሙላት በውስጡ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ከምድጃ አጠገብም አይቀመጥም፤ ሙቀቱ ባትሪውን ያሳብጣል፣ ከብርድ ወደ ሙቅ ቤት የገባ ስልክም በውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። በቤት ውስጥ ራቅ ብሎ እስኪለዝብ መታገሥ ይበቃል።

አዲስ ስልክ ከመከፈቱ በፊት ስምንት ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት የሚለው ምክር ለቀድሞዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የተሰጠ ነው፤ ለዛሬዎቹ አያስፈልግም፣ ሲሞላ መንቀል ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣ አንዳንድ ጊዜ ከልኩ በላይ ሆኖ ስለሚመጣ ቻርጀሩን ያቃጥላል። ነጎድጓድ ባለበት የክረምት ከሰዓት በኋላም እንዲሁ አድርጉ። ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይወጋም፣ በእሳት አይጣልም፣ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም፤ በሚቀጣጠል ጋዝና ፈሳሽ የተሞላ ነውና።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልግባ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ስልኩ በተከፈተ ጊዜ ቀንና ሰዓት ሙሉ ይላል፤ የሚያውቀው አቆጣጠር ግን የእኛን አይደለም። የእርሱ ቀን በእኩለ ሌሊት ይለወጣል፣ የእኛ ሰዓት ደግሞ ከንጋት ይጀምራል፤ በመካከላቸው የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ የፈረንጅ ሰዓቱን እንዳለ ትቶ በልቡ ስድስት እየቀነሰ ይኖራል፤ ሌላው የእኛን ሰዓት ይሞላል። ሁለቱም ይሆናል፤ ክፉው ነገር ሳያውቁ መቀላቀል ነው። የእኛን ሰዓት መሙላት ለሚወድ ሰው አንድ ያማረ ዘዴ አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ስልኩ በባለ 12 አቆጣጠር ላይ ሆኖ፣ 1:00 «ኤኤም» ብላችሁ ሙሉት። ከዚያ በኋላ ከንጋት እስከ ምሽት ያለው ሁሉ «ኤኤም»፣ ከምሽት እስከ ንጋት ያለው ሁሉ «ፒኤም» ይሆናል፤ ቀኑም የሚለወጠው ልክ በንጋት ነው። እንግዲህ ለሱብሒ ሶላት የሚነሣው ሰው የማንቂያ ደወሉን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 11:00 «ፒኤም» ብሎ ይሞላዋል፤ ለኪዳን ጸሎት የሚነሣውም እንዲሁ ያደርጋል። ምሽት 1 ሰዓት መድኃኒቱን የሚወስድ በሽተኛ 1:00 «ፒኤም» ይላል። ይህን ያደረገ ሰው ግን ከስልኩ ቅንብር ውስጥ ሰዓትን በራሱ የሚያስተካክለውን ትእዛዝ መዝጋት ይኖርበታል፤ አለዚያ ኔትወርኩ አንድ ሌሊት ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመልስበትና መድኃኒቱም ጸሎቱም ያልፈዋል።

የገንዘብ መልእክቶች ግን ሁልጊዜ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት እንደሚጻፉ አትዘንጉ። 15:20 የሚል መልእክት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ነው። 12/03 የሚል ካነበባችሁም በ3ኛው ወራችን በኅዳር 12 አይደለም፤ በማርች 12 ነው፣ ይኸውም መጋቢት 3 ቀን ማለት ነው። አንድ ነጋዴ «ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ቀኑን ተመልከት» ሲል ገበሬው ቀኑን በገዛ አቆጣጠሩ አንብቦ ያልተላከ ገንዘብ ተላከ፣ የተላከውም አልተላከም ብሎ ሲከራከርና ሽማግሌ ሲሰበስብ መዋሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ያለው የስሞች መዝገብ ነው። የአገር ውስጥ ቁጥር ዐሥር አኃዝ ነው፤ በ+251 ሲጀመር የፊተኛው ዜሮ ይቀራል። በውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ቁጥሯን ከነአገሩ መለያ መዝግቡ፤ የሳውዲ ዐረቢያ 966፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 971፣ የሊባኖስ 961፣ የኩዌት 965 ነው። ይህን ማወቅ ጥቅሙ ለመደወል ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ የሚዘጋ ከማታውቁት አገር የመጣ ጥሪ ሲኖር፣ ልጇን የምትናፍቅ እናት «እርሷ ትሆን?» ብላ መልሳ ትደውላለች፤ በዚያች ደቂቃም የሞላችው ካርድ ያልቃል። የጥሪው አሠራር ሆን ተብሎ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ መልሶ ከሚደወለው ውድ ጥሪ ደዋዩ ድርሻ ያገኛል። የልጇን አገር መለያ የምታውቅ እናት ግን ቁጥሩን አይታ የእርሷ እንዳልሆነ ወዲያው ትለያለች። እንዲሁም ዋና ዋና ቁጥሮችን በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አኑሩ፤ ስልክ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ እንዳይጠፋ። በወረቀቱ ላይ በአካባቢያችሁ ያለውን የፖሊስ ጣቢያና የጤና ጣቢያ ቁጥር ጨምሩ።

ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የምንወጣበትን ምክንያትም ማወቅ መልካም ነው። ስልክ ከማማው ጋር የሚነጋገረው በማይታይ የራዲዮ ሞገድ ነው፤ በተለመደው የጂ.ኤስ.ኤም. አሠራር ማማው ከ35 ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለ ስልክን አያስተናግድም፤ በመካከል ተራራ ከቆመ ደግሞ በቅርብ ያለውም ይጋረዳል። ከሀረና ጫካ ማር ቆርጦ የሚወጣ ሰው ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ልብ የሚባለው ነገር፣ ማማው የራቀበት ስልክ ድምፁን ለማድረስ ኃይሉን እያበረታ ስለሚጮኽ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ የምታድሩ ከሆነ ስልኩን አጥፍታችሁ ማደር ለነገ ያቆይላችኋል።

ስለ መልእክት መጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ እንደ ሁለተኛ መልእክት ይቆጠራል፣ እንደ ሁለተኛም ይከፈልበታል። በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ በላቲኑ ልክ ይሄዳል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ትናንሽ ስልኮች የግእዝን ፊደል ስለማያውቁ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖችን ያሳያሉ። ስለዚህ ለአረጋዊ አባታችሁ በአማርኛ ከመላካችሁ በፊት ስልካቸው ያነብ እንደ ሆነ አረጋግጡ፤ ካላነበበ መደወል ይሻላል። ፊደላችንን የማያነብ ስልክ በአገራችን ገበያ መሸጡ እኔን ያሳዝነኛል፤ ስትገዙ በመጀመሪያ በአማርኛ መልእክት አስልካችሁ ሞክሩት፣ ካላነበበም ሌላ ጠይቁ፤ ገዢው ካልጠየቀ ሻጩ አያመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም የምስጢር ቁጥር ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችም በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ከጀመሩ ወዲህ፣ ያች የተናቀች ስልክ የጎተራ ቁልፍ ሆናለች። በስማርት ስልክ ብቻ ነው የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፤ በትንሿ ስልክ ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ብሎ ደውሎ የሚመጣውን ዝርዝር እየመረጡ መላክም መቀበልም ይቻላል።

በአንድ ስልክ ላይ ሦስት ዓይነት ምስጢር ሊኖር ይችላል፤ የሲሙ፣ የስልኩና የገንዘቡ። የሲሙ ምስጢር ሦስት ጊዜ በስሕተት ከተጻፈ ሲሙ ይቆለፋል፤ ለመክፈት ሲሙ በተሰጠ ጊዜ ከርሱ ጋር የተሰጠው ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ያስፈልጋል፤ እርሱም ዐሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል። ስለዚህ ያንን ካርድ አትጣሉ። የገንዘቡ ምስጢር ግን ከሁሉ ይከብዳል። 1234 አይሁን፣ 0000 አይሁን፣ የተወለዳችሁበት ዓመትም አይሁን። በስሞች መዝገብ ውስጥ «ቴሌብር» ብለው የምስጢር ቁጥሩን እንደ ስልክ ቁጥር የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ለሌባ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ማዕድ ነው፤ ዛሬውኑ አጥፉት።

ይህን ሁሉ ከማወቅ የሚከለክለን አንድ ኀፍረት አለ፤ በግልጽ ልናገረው እፈልጋለሁ። የተከበሩ ሐጂ ወይም የተከበሩ ባላምባራስ፣ በሸንጎ ቃላቸው የሚደመጥ፣ ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌ፣ በወኪሉ ሱቅ ሲደርሱ ስልኩን ለወጣቱ ይሰጡና የምስጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይነግሩታል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ይህን የሚያደርጉት ስላላወቁ አይደለም፤ ጣታቸው ሲንቀጠቀጥና ሲዘገዩ ወጣቶች እንዳይስቁባቸው ነው። እናንተ ወጣቶች፣ አባታችሁ ወይም እማማ ቁጥሩን ራሳቸው እስኪጽፉ ድረስ ፊታችሁን አዙራችሁ ብትታገሡ ከምትሰጡት አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠውን ትሰጣላችሁ። ወኪሎችም «ንገሩኝና ልጻፍልዎ» ማለትን ተዉ።

አታላዩ የሚመጣባቸውን መንገዶችም እንወቅ። አንዱ «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚለው ነው። የምስጢር ቁጥርን ወይም በመልእክት የመጣ መለያን የሚጠይቅ እውነተኛ መሥሪያ ቤት የለም፤ የጠየቀ ሁሉ፣ በየትኛውም ስም ቢጠራ፣ በየትኛውም ቋንቋ አሳምሮ ቢናገር፣ አታላይ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ዝጉትና ራሳችሁ ወደ 994 ደውሉ። ሁለተኛው «በስሕተት 2,000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ በማርያም ይመልሱልኝ» የሚለው ነው፤ ከርሱ አስቀድሞ ገንዘብ ገባ የሚል መልእክት ይደርሳችኋል፤ ነገር ግን መልእክቱ ከአንድ ተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር የመጣ፣ በሰው እጅ የተጻፈ ነው። የሃይማኖታችሁን ርኅራኄ ወጥመድ ያደርገዋል። መልእክቱን አትመኑ፤ ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ተመልከቱ፤ ካልጨመረ ምንም አልገባም። ሦስተኛው ይበልጥ ስውር ነው፤ «ኔትወርክዎን ላስተካክልልዎ» ብሎ ኮከብና 21 ያለበትን ረጅም ቁጥር እንድትደውሉ ያዛችኋል፤ ይህ ወደ እናንተ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ እርሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ኮከብ፣ መሰላል፣ 21፣ መሰላል ብሎ በመደወል ማየት፣ መሰላል፣ መሰላል፣ 21፣ መሰላል ብሎ በመደወልም መሰረዝ ይችላል።

ገንዘብ ከተወሰደባችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ 994 ደውላችሁ አስታውቁ፣ መልእክቶቹን ሳታጠፉ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ብዙ ሰው «ሞኝ ይሉኛል» ብሎ ሌሊቱን ዝም ይላል፤ አታላዩ የሚፈልገው ያችን ሌሊት ነው። እንደዚሁም ስልኩ እንደ ተገዛ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብላችሁ ስትጫኑ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር በቤት መዝገባችሁ ጻፉት፤ ይህ የስልኩ የራሱ መለያ ነው፤ ሲሙ ቢለወጥ አይለወጥም፣ ስልኩ ተሰርቆ ሲገኝም የእናንተ ለመሆኑ ይመሰክራል።

ስለ ጥንቃቄ ብዙ ከተናገርሁ፣ ትንሿ ስልክ ለዚህ አገር ስለምትሰጠው ጸጋም ልናገር። በ2006 ዓ.ም. መኸር የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ በተስፋፋው ዲገሉ በተባለው የስንዴ ዝርያ ላይ ወርዶ ብዙ ማሳ አጠፋ፤ ከዚያ አስቀድሞ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ እንዲሁ አድርጎ ነበር። ዋግ በነፋስ የሚበር፣ በጥቂት ቀናት ማሳውን ሁሉ የሚያዳርስ ደዌ ነው፤ ጸረ ዋግ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በጊዜው ከተረጨ ብቻ ስለሆነ፣ ገበሬው የሚያስፈልገው ነገር ፈጥኖ መስማት ነው። በዚያው በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የገበሬዎች የነፃ ስልክ ከፈተ፤ የደወለ ሰው ቋንቋውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ መርጦ፣ ቁጥር እየተጫነ ስለ እህሉ ምክር በድምፅ ይሰማል። የዚህ ትልቅነት ገበሬው ማንበብ ሳይኖርበት መማር መቻሉ ነው። ከሲናና የምርምር ማእከል የሚወጣ ዕውቀት ከማእከሉ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ጎጆ ሳይደርስ ዓመታት በሚፈጅበት አገር፣ በደረት ኪስ ያለች ስልክ ይህን ርቀት ልታሳጥረው ትችላለች። የገበሬው ልጅ ስልኩን ዘፈን መስሚያ ካደረገው፣ ባለቤቱም 8028ን መጫን ካልተማረ ግን አታሳጥረውም።

«ፊደል አልቆጠርሁም፣ እንዴት አድርጌ ራሴ ላሰናዳው?» የምትሉ አባቶችና እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፊደል ባትቆጥሩም አኃዝ ታውቃላችሁ፤ በገበያ ያለ አኃዝ የሚገበያይ የለምና። የስልኩን ዝርዝር በቃላት ሳይሆን በቁጥር ያዙት፤ ቋንቋው ያለበት ቦታ ስንት ጊዜ ወደ ታች ወርዶ ስንተኛው ላይ እንደ ሆነ፣ ሰዓቱም እንዲሁ፣ አንድ ጊዜ ከሚያነብ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩና በልባችሁ ያዙ፤ ውዳሴ ማርያምን ወይም ሱራዎችን በቃሉ የያዘ ሰው ይህ አያቅተውም። ዓይናችሁ የደከመ ደግሞ ጣታችሁን በቁልፎቹ ላይ አሳልፉ፤ በመካከል በ5 ቁጥር ላይ ትንሽ እብጠት ትገኛለች፤ ስልክ የሚሠሩት ሰዎች ያኖሯት ለማያዩ ሰዎች ነው። ከእርሷ በላይ 2 አለ፣ ከእርሷ በታች 8፣ በግራዋ 4፣ በቀኟ 6 ነው፤ ከ8 በታች ዜሮ፣ ከዜሮ በግራ ኮከብ፣ በቀኝ መሰላል ነው። በአብዛኛዎቹ ስልኮች የልጃችሁን ቁጥር በ2 ላይ አስመዝግባችሁ 2ን ጥቂት ጫን ብላችሁ ብትይዙት ወደ ልጃችሁ ይደውላል።

አሁን ስልካችሁን አውጡና 5ን በጣታችሁ ፈልጉ፤ ያገኘ እጁን ያንሣ፣ ያላገኘ አጠገቡ ያለው ሰው ሳይቀማው ጣቱን ይምራለት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አንድ ላይ እንሞላለን።